ልጅዎ የሚያየው ያ ጨለማ ክሊፕ ምን እያለ ነው?

የሄቪ ሜታል ቪዲዮዎችን ከመከልከልዎ በፊት አንድ ጊዜ አብረው ይዩአቸው

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ ወጣት ወታደር ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ላይ ተኝቷል። ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኗል። እጅ የለውም፣ እግር የለውም። አያይም፣ አይሰማም፣ አይናገርም። አእምሮው ግን ሙሉ ነው፤ ሁሉን ያስባል፣ ሁሉን ያስታውሳል። ጭንቅላቱን ትራሱ ላይ ደጋግሞ ይመታል። ያስታምሙት የነበሩት ሰዎች የሕመም መንፈራገጥ መስሏቸው ማስታገሻ ይወጉታል። እሱ ግን እየተናገረ ነው። በሞርስ ኮድ፣ በጭንቅላቱ እያንኳኳ፣ እርዱኝ እያለ ነው።

በመሃል በመሃሉ ፀጉራቸው የረዘመ አራት ወጣቶች ባዶ መጋዘን ውስጥ ቆመው ጊታርና ድራም ይመታሉ። ሙዚቃው ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ፣ እየከበደ ይሄዳል።

ልጅዎ ክፍሉን ዘግቶ ይህን ሲያይ ቢያገኙት ምን ይሉታል? ብዙዎቻችን «ምን ጉድ ነው የምታየው? ዝጋው!» ማለታችን አይቀርም። ነገር ግን ይህ ክሊፕ ስለ ሰይጣን አይደለም፤ ስለ ዕፅም አይደለም። ጦርነት በሰው ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርስ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ከሚያስተምሩ ሥራዎች አንዱ ነው። «ዝጋው» ካልነው ልጁ መስኮቱን ይዘጋል፤ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሞትና ስለ ፍርሃት ከእኛ ጋር ሊያወራበት ይችል የነበረውን በርም አብሮ ይዘጋዋል።

ስለዚህ በዚህ ወር ሄቪ ሜታል በመባል የሚታወቀው የሙዚቃ ዓይነት በቪዲዮዎቹ ለምን ይህን ያህል ጨለማ እንደሚያበዛ፣ ከጨለማው ጀርባ ምን ዓይነት ታሪክ እንዳለ፣ እርስዎም እንደ ወላጅ የቱን ከየቱ እንደሚለዩ እናያለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨለማው ከየት መጣ?

የሄቪ ሜታል ትውልድ ቦታ ተብላ የምትጠራው የእንግሊዟ የፋብሪካ ከተማ በርሚንግሃም ናት። ብላክ ሳባዝ የተባለውን ባንድ በ1968 የመሠረቱት አራት ወጣቶች የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ቆርቆሮ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ሙዚቃ በቃኝ አላለም። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ለመጫን የሚቀሉ ክሮችም ተጠቀመ። በኋላም ክሮቹን እያላላ ሲጫወት ድምፁ ወፍራምና ከባድ ሆነ። ዛሬ «ሜታል» የምንለው ያ የከበደ ድምፅ ከአንድ ወጣት ጉዳት ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው።

የባንዱ ስም የተወሰደው በ1963 ከወጣ አስፈሪ ፊልም ነው። ወጣቶቹ ሰው ለመፍራት ሲል ገንዘብ ከፍሎ ሲኒማ ቤት እንደሚሰለፍ አስተዋሉ፤ «የሚያስፈራ ፊልም ካለ የሚያስፈራ ሙዚቃስ ለምን አይኖርም?» አሉ። የመጀመሪያ አልበማቸው በየካቲት 1970 ወጣ፤ ቀኑ በአውሮፓውያን ዘንድ እንደ መጥፎ ገድ የሚቆጠረው «ዓርብ 13» ነበር። እንግዲህ ከመነሻው ሁለት ነገሮች አብረው አሉ፤ እውነተኛ ችግር ያየ የሠራተኛ ልጅ ስሜትና ከአስፈሪ ፊልም የተወሰደ ልብስ። ልብሱን አይቶ ሰውየውን አወቅሁት ማለት ስህተት ላይ ይጥላል።

ይህ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ከመላእክቱ ፊት ሌላ በእሳት መካከል ያለውን ዲያብሎስም ግድግዳው ላይ ያየዋል። ሠዓሊው የሣለው እንድንወደው አይደለም። ቅኔም ቢሆን ሰሙን ብቻ የሰማ ሰው ወርቁ ያመልጠዋል። የሜታል ክሊፕንም ሲያዩ መጀመሪያ የሚመጣብዎት ሰሙ ነው። ወርቁን ለማግኘት ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል።

«ዋን»፦ መናገር ያቃተው ወታደር

መግቢያችን ላይ የገለጽነው ክሊፕ የአሜሪካው ባንድ ሜታሊካ «ዋን» ለተባለ ዘፈኑ በ1989 ያወጣው ነው። ባንዱ እስከዚያ ድረስ ክሊፕ ሠርቶ አያውቅም ነበር። ዳይሬክተሮቹ ቢል ፖፕና ማይክል ሳሎሞን ናቸው። ቢል ፖፕን ከአሥር ዓመት በኋላ «ማትሪክስ» በተባለው ዝነኛ ፊልም የካሜራ ባለሙያነቱ ዓለም አውቆታል።

የሆስፒታሉ ትዕይንት የተወሰደው በ1971 ከወጣ «ጆኒ ጎት ሂዝ ጋን» ከተሰኘ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ዳልተን ትራምቦ ሲሆን ፊልሙን የሠራው እሱ ራሱ በ1939 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፍ ስለቆሰለ ጆ ቦንሃም ስለሚባል ወጣት ይተርካል። ፊልሙ በወጣበት ዓመት ካን ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል።

አሁን ክሊፑን እንደገና እናንብበው። ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንደኛው የወታደሩ ነው፤ ሁለተኛው የባንዱ። ወታደሩ ድምፅ የለውም፤ ባንዱ ደግሞ ከድምፅ በቀር ሌላ ነገር የለውም። መጋዘኑ ባዶ ነው፤ ጌጥ የለም፣ እሳት የለም፣ የሚጨፍር ሰው የለም። ወታደሩ ሊጮህ ያልቻለውን ጩኸት ባንዱ ይጮህለታል። ዘፈኑ ሲጀምር ጊታሩ ለስላሳ ነው፤ ያ የወጣቱ ትዝታ ነው፣ አባቱ፣ ልጅነቱ፣ ፍቅረኛው። ወደ መጨረሻው ድራሙ እንደ መትረየስ መተኮስ ሲጀምር ወጣቱ የት እንዳለና ምን እንደደረሰበት ገብቶታል። ጆሮዎ ላይ ጫጫታ መስሎ የተሰማዎት ያ ክፍል የታሪኩ ልብ ነው።

ከፊልሙ የተወሰደ አንድ አጭር ንግግርም አለ። ልጁ አባቱን ዴሞክራሲ ምን እንደሆነ ይጠይቀዋል። አባትየው ወጣቶች እርስ በርሳቸው ከመገዳደላቸው ጋር የሚያያዝ አንዳች ነገር ሳይሆን አይቀርም የሚል ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። አንድ ልጅ ቁም ነገር ጠይቆ ከአባቱ የተድበሰበሰ መልስ ሲያገኝ ማለት ነው። ይህንን ትዕይንት ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጅዎ ጋር አይተው «አንተ ብትሆን ምን ትመልስለታለህ?» ቢሉት ረጅም ወሬ ይከፈታል።

ዘፈኑ በ1990 ለሜታል ሙዚቃ ለብቻው በተዘጋጀው ዘርፍ የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት ወስዷል።

አምስት መቶ ዓመት የሞላቸው ጭራቆች

ያው ባንድ በ1996 «አንቲል ኢት ስሊፕስ» የሚል ዘፈን በክሊፕ አወጣ። ዳይሬክተሩ ሳሙኤል ቤየር ነው። በመጀመሪያ እይታ ከባድ ነው፤ ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ የሆኑ ፍጡራን፣ የተሰቃዩ ገላዎች፣ የሚያቅለሸልሽ ቀለም። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ «በቃ!» ይላል።

ነገር ግን እነዚህ ፍጡራን የሮክ ሙዚቀኞች ፈጠራ አይደሉም። የተቀዱት በ1516 ከሞተው የኔዘርላንድ ሠዓሊ ከሂሮኒመስ ቦሽ ሥራዎች ነው። የቦሽ ዝነኛ ሥዕል ዛሬ ማድሪድ በሚገኘው ፕራዶ ሙዚየም ይታያል። በሥዕሉ ቀኝ ክፍል የወፍ ጭንቅላት ያለው ፍጡር ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኃጢአተኞችን ይውጣል። ቦሽ በከተማው የእመቤታችን ማኅበር አባል የነበረ ክርስቲያን ሰው ነው። ሥዕሉንም በሃይማኖት አጥባቂነቱ የሚታወቀው የስፔን ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊጶስ ገዳምና ቤተ መንግሥት አጣምሮ ባሠራው ኤስኮሪያል አኑሮት ነበር። ጭራቁ የተሣለው ለማስጠንቀቅ ነበር።

ታዲያ ሜታሊካ ለምን ፈለገው? የባንዱ ድምፃዊ ጄምስ ሄትፊልድ እናቱን በካንሰር ያጣው ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። የቤተሰቡ እምነት ሕክምናን የማይቀበል ስለነበር እናትየው ሕክምና አልተቀበሉም። በኋላም አባቱን በዚያው በሽታ አጥቷል። ዘፈኑ የሚናገረው በሰው ገላ ውስጥ ገብቶ ስለማይወጣ፣ አንዳንዴ አርፎ እንደገና ስለሚነሣ ሕመም ነው። ካንሰርን በሥዕል አሳየኝ ቢባል ሰው ምን ይሥላል? አበባ አይሥልም። ገላን ከውስጥ የሚበላ አውሬ ይሥላል። እዚህ ላይ ጭራቁ ጌጥ አይደለም፤ ለእናቱ አልቅሶ ያልጨረሰ ሰው ለቅሶ ነው። ለቅሶ ቤት ሙሾ ሲወርድ ሰምቶ ያደገ ሰው ሐዘን በለስላሳ ቃል ብቻ እንደማይገለጽ ያውቃል።

ከአልጋው ሥር ያለው ፍርሃት

ሦስተኛው ምሳሌ ብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚያገኙት ነው፦ በ1991 በዌይን አይሻም ዳይሬክተርነት የተሠራው «ኤንተር ሳንድማን»። አንድ ትንሽ ልጅ አልጋው ላይ ሆኖ ይቃዣል። ሲወድቅ፣ ውኃ ውስጥ ሲሰጥም፣ በእባብ ሲሸፈን፣ ትልቅ መኪና ሲያባርረው ያያል። አንድ ሽማግሌም ይመለከተዋል። ሳንድማን በአውሮፓ ተረት የልጆች ዓይን ላይ አሸዋ በትኖ የሚያስተኛ ሰው ነው።

ክሊፑን ልብ ብለው ካዩ ገዳይ የለም፣ ደም የለም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ልጅ የሚሰማው ፍርሃት። ምስሉ የሚቆራረጠውም ቅዠት እንደዚያ ስለሆነ ነው፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚወስድ መንገድ የለውም። እኛስ «ተኛ፣ ጅብ መጣ!» እየተባልን አይደል ያደግነው? ልዩነቱ እኛን ያስተኙን ሰዎች ጅቡ ሲመጣ በልጁ ዓይን ምን እንደሚመስል አላሳዩንም፤ ክሊፑ ግን ያሳያል። ለታናናሽ ልጆች ግን በፍጹም የሚሆን አይደለም። ስለ ቅዠት የተሠራ ክሊፕ ራሱ ቅዠት ሊያመጣ ይችላል።

ሴኔት ፊት የቆመው ዘፋኝ

ወላጆች እነዚህን ክሊፖች ፈርተው መጮኽ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። በ1985 በአሜሪካ የታወቁ ፖለቲከኞች ሚስቶች ማኅበር አቋቁመው ስለ ዘፈኖች ይዘት ዘመቻ ከፈቱ። ከመካከላቸው የኋላው ምክትል ፕሬዚዳንት የአል ጎር ባለቤት ቲፐር ጎር ይገኙበታል። ጉዳዩ በመስከረም ወር ሴኔት ደረሰ።

ተጠርተው ከቀረቡት ሙዚቀኞች አንዱ የትዊስትድ ሲስተር ዘፋኝ ዲ ስናይደር ነበር። የዚህ ባንድ አንድ ዘፈን ዓመፅን ይሰብካል ተብሎ ተከስሶ ነበር። በ1984 የወጣው ክሊፑ የሚጀምረው አንድ አባት ጊታር በያዘው ልጁ ላይ ሲጮህ ነው። ከዚያም አባትየው ይወረወራል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይወድቃል። ስናይደር ክሊፑ የተሠራው በልጆች የካርቱን ፊልም መልክ እንደሆነ፣ ማንም በእውነት እንደማይጎዳበት አስረዳ። ራሱንም ሲያስተዋውቅ ባለትዳር፣ የሦስት ዓመት ልጅ አባት፣ የማያጨስና የማይጠጣ ክርስቲያን መሆኑን ተናገረ።

የበለጠ የሚያስተምረው ሁለተኛው ክስ ነው። ስለ ስለት የሚያወራ ሌላ ዘፈኑ ወሲባዊ ጥቃትን የሚያወድስ ነው ተብሎ ነበር። ስናይደር ዘፈኑ የተጻፈው የባንዱ ጊታር ተጫዋች የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ሲል ስለነበረው ፍርሃት መሆኑን ገለጸ። ስለቱ የሐኪም ቢላ ነበር። ክፉ ነገር የሚፈልግ ሰው የፈለገውን ማግኘቱ አይቀርም ሲልም አከለ።

ይህ ማለት ግን እናቶቹ ምንም እውነት አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ልጃቸው ምን እንደሚሰማ ማወቅ መብታቸው ነበር፤ የሙዚቃ ኩባንያዎችም ከክርክሩ በኋላ አልበሞች ላይ ለወላጆች የማስጠንቀቂያ ምልክት ማድረግ ጀምረዋል። ስህተቱ ዘፈኑን ሳይጠይቁ መፍረዱ ላይ ነበር።

ጨለማ ሁሉ ግን ወርቅ አለው ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ሚዛኑን እንጠብቅ። ሁሉም ክሊፕ ጥልቅ አይደለም። ደምና የራስ ቅል የሚደረድሩት ለማስደንገጥና ለመሸጥ ብቻ የሆኑ ሞልተዋል። ሴትን እንደ ዕቃ የሚያሳዩም አሉ። ከዚህ የከፋም ተከስቷል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ በብላክ ሜታል ዙሪያ የነበሩ ጥቂት ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናት አቃጥለዋል፣ ሰውም ገድለዋል። ተይዘው ተፈርዶባቸዋል። እነዚህ ምሳሌ አልሆኑም፤ ወንጀል ፈጸሙ። የወላጅ ፍርሃት ከባዶ ሜዳ አልመጣም ማለት ነው።

በሌላ በኩል ሙዚቃው በራሱ ልጅን ቁጡ ያደርጋል ወይ የሚለው ተጠንቷል። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ጥናት ከ18 እስከ 34 ዓመት የሆናቸውን 39 የከባድ ሙዚቃ አድማጮች መጀመሪያ የሚያናድዳቸውን ነገር እንዲያወሩ አደረጉ። ከዚያ ግማሾቹ 10 ደቂቃ የራሳቸውን ሙዚቃ ሰሙ፣ ግማሾቹ ዝም ብለው ተቀመጡ። ሙዚቃውን የሰሙት ንዴታቸው አልባሰም፤ እንዲያውም መነቃቃት እንደተሰማቸው ተናገሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የተሳተፉትም ሙዚቃውን ቀድሞውኑ የሚወዱ አዋቂዎች ናቸው። ስለዚህ ስለ አሥራ ሦስት ዓመት ልጅዎ የመጨረሻ ቃል አድርገው አይውሰዱት። ቢሆንም «ይህን ከሰማ ያብዳል» የሚለውን ፍርሃት ያረግበዋል።

አብራችሁ ስታዩ ምን ትጠይቃላችሁ?

ልጅዎን «አሳየኝ» ይበሉት። ሳይስቁ፣ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይዩ። ከዚያ እነዚህን ያንሡ፦

1. ታሪኩ የማን ነው? የበደለው ሰው ነው የሚተርከው ወይስ የተበደለው? «ዋን» የተጎጂው ታሪክ ነው። ጎጂውን ጀግና ያደረገ ክሊፕ ከሆነ ለምን እንደወደደው ይጠይቁት።

2. የቱ እውን ነው፣ የቱ ሕልም? ብዙ ክሊፖች የሚያሳዩት በሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ነው። ልጁ ይህን መለየት መቻሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

3. ጭራቁ ምንን ተክቶ ገባ? ሕመምን? ጦርነትን? ሱስን? ብቸኝነትን? መልስ ከሌለው ምናልባት ለማስደንገጥ ብቻ የገባ ይሆናል።

4. ቃሉ ምን ይላል? ግጥሙን አብራችሁ አንብቡ። ምስሉና ቃሉ የማይገናኙበት ጊዜ አለ፤ ያም ራሱ ያነጋግራል።

5. መጨረሻው የት ያደርሳል? ክሊፑ ሲያልቅ ልጅዎ ቀለል ብሎታል ወይስ ከብዶታል? «ሲያልቅ ምን ተሰማህ?» ማለት «ይህን ለምን ታያለህ?» ከማለት የበለጠ ይከፍታል።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን ወሳኙ እርስዎ ነዎት። ዩቲዩብ ላይ ለዕድሜያቸው የማይሆኑትን የሚያጣራ ማስተካከያ አለ፤ ይጠቀሙበት። ታላቁ ልጅ የሚያየውን ታናሹ አጠገቡ ተቀምጦ እንዳያይም ያስተውሉ።

መቼ ይጨነቁ?

ጥቁር ቲሸርት፣ የረዘመ ፀጉር፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የራስ ቅል ብቻውን ምልክት አይደለም። ምልክቱ ልጁ ላይ ነው የሚታየው። እንቅልፍ ሲያጣ ወይም ቀኑን ሙሉ ሲተኛ፣ ምግብ ሲተው፣ ከጓደኞቹ ሲርቅ፣ ትምህርቱ በድንገት ሲወርድ፣ የሚወዳቸውን ዕቃዎች ለሰው ማደል ሲጀምር፣ ስለ መሞት ወይም ስለ ከንቱነቱ ሲያወራ ሙዚቃውን ትተው ልጁን ይያዙት። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ አእምሮ ውስጥ አይተክልም፤ እንዲያውም የተጨነቀውን ልጅ ያሳርፈዋል። ብቻውን አይተዉት፤ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት። ጸሎቱም ምክሩም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሂድ።

የተጨነቀ ልጅ ጨለማ ሙዚቃ ቢመርጥ ሙዚቃው አስጨነቀው ማለት ላይሆን ይችላል። ምናልባት «እንደኔ የሚሰማው ሌላ ሰው አለ» የሚለውን ያገኘው እዚያ ብቻ ይሆናል። የዚያን ጊዜ ጆሮ ማዳመጫውን መንጠቅ ያለውን አንድ ጓደኛ እንደመንጠቅ ነው። አጠገቡ ተቀምጦ አንደኛውን ጆሮ መዋስ ግን ለእርስዎም ወንበር ያስገኝልዎታል።

በሆስፒታሉ አልጋ ላይ የነበረው ወታደር ለረጅም ጊዜ ጭንቅላቱን ሲያንኳኳ አስታማሚዎቹ ሕመም ነው ብለው አስተኙት። በመጨረሻ አንድ ሰው ቆም ብሎ አየውና «ይህ እኮ ቋንቋ ነው» አለ። ዛሬ ማታ ከልጅዎ ክፍል የሚመጣው ያ ከባድ ድምፅ ከተሰማዎት በሩን ቀስ ብለው ያንኳኩና «የቱን ነው የምትሰማው?» ብለው ይግቡ።